ለቀብር የማይጠፋ ብር ለመርፌ ለምን ይጠፋል?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ቀጥሎ የምታነቡት በአዲስ አበባ በአንድ ሠፈር እድር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ አንድ ጡረተኛ የሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸውም ሠፈራቸውም እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን አልጠቀስነውም።)



ዳኛው አሥር ደቂቃ ነው የሰጡኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር በመስኮት ቀዳዳ ስነጋገር የኖርኩ ነኝ። "ስም? የካርድ ቁጥር? ሃምሳ ብር! ቀጣይ!" ከዚህ ሌላ ንግግር አልተማርኩም። ስለዚህ ካስረዘምኩ ታገሱኝ፤ ከተሳሳትኩም አርሙኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከ1979 እስከ 2009 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። እሱን ብጠራው ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው ያልኩ ይመስልብኛል፤ ነገሩ ደግሞ የአንድ ቤት ነገር አይደለም። ሐኪም በሽታውን ያያል፤ ነርስ ቁስሉን ታያለች። እኔ ያየሁት ኪሱን ነው። ብር ከመቀነት ሲፈታ፣ ከካልሲ ሲወጣ፣ ከዳዊት ገጽ መሐል ሲመዘዝ አይቻለሁ። አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ቡና በፌስታል ይዛ መጥታ "ይቺን በብር ቁጠርልኝ" ብላኛለች።

አንድ ሌሊት ግን ከዓይኔ አይጠፋም። 1993 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም አንድ ተሸካሚ ልጁን አዝሎ መጣ። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ተረኛው ሐኪም ለቀዶ ጥገና ጻፈለትና ወረቀቱን ይዞ ወደኔ መስኮት መጣ። ማስያዣው 200 ብር ነው። ሰውየው እጅ ላይ ያለው 65 ብር። "ጌታዬ፣ ቀሪውን ነገ አመጣለሁ" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "አባቴ፣ ሕግ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" አልኩት። ይቺን አነጋገር በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳልኳት ፈጣሪ ይቁጠራት። ሰውየው ልጁን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝቶ በዝናብ ወጣ። ሊነጋጋ ሲል ተመለሰና የረጠበ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ። ሲመጣ ለብሶት የነበረው ጋቢ ትከሻው ላይ የለም። ደረሰኙን ቆረጥኩለት። ተረኛነቴ አለቀ፤ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ልጁ ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም።

በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 1993 ላይ፣ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ከተማ ተሰብስበው ከየበጀታቸው ቢያንስ 15 ከመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። የኛም አገር ከቃል ገቢዎቹ አንዷ ናት። መሪዎቹ ከተፈራረሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው እንግዲህ ያ ሰውዬ ጋቢውን የሸጠው። ከዚያ ወዲህ ዓመቱ ሃያን አለፈ፤ 15 ከመቶዋ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ናት።

እስቲ ያ 200 ብር የት እንደገባ ልንገራችሁ። በሞዴል 64 ተቆርጦ፣ ማታ ተቆጥሮ፣ ጠዋት ባንክ ገብቶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይሄዳል። ለሆስፒታሉ አንድ ጠርሙስ አልኮል አይገዛበትም! በጠዋቱ በመቶና በሺህ እየቆጠርኩ ወደ ባንክ ስልክ፣ ከበስተኋላዬ ያለችው ነርስ መርፌ የምትጠርግበት ጥጥ አጥታ ስትጨቃጨቅ እሰማለሁ። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የሚባል ወጥቶ ነበር። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የሰበሰበውን እዚያው ያስቀር፣ መድኃኒትና ዕቃ ይግዛበት የሚል ሐሳብ ነው። ክልሎች በየተራ ሕግ አወጡለት፤ እኛ ዘንድ ዘግየት ብሎ ደረሰ።

እውነቱን ልናገርና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ከሰበሰብኩት ብር ጓንትና ፋሻ የተገዛበት ደረሰኝ አየሁ። ግን ሌላ ነገር አብሮ ገባ። የሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ "ስንት ሰው ታክሞ ዳነ?" የሚለው ቀረና "ገቢያችን በስንት ከመቶ አደገ?" የሚለው መጣ። በጀት ሲያንስ "ከውስጥ ገቢ ሸፍኑ" ይባላል። ለመሆኑ የውስጥ ገቢ ማለት ማን ነው? ኮሪደሩ ላይ የሚያቃስተው ሰውዬ ነዋ! የኔ አለቃ ጥሩ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ቀስ እያለ ሕመምተኛውን እንደ ደንበኛ፣ ከዚያም እንደ ላም ማየት ጀመረ። እኔም አብሬው።

ከዚያ ደግሞ "ፕራይቬት ዊንግ" የሚሉት መጣ። ያው ሕንፃ፣ ያው ሐኪም፣ ያው መሣሪያ ነው። ቀን ሲመጣ ለስድስት ወር የተቀጠረው ሰው ከሥራ ሰዓት በኋላ ዳጎስ ያለ ብር ይዞ ከመጣ በሳምንቱ ይታያል። ሐኪሞቹ ጥለውን እንዳይሄዱ ነው ይሉናል። ይህቺ ከፊል እውነት አላት፤ እመጣባታለሁ።

የነፃ ወረቀትን ነገር አንርሳ። ድሃ ነው የሚል ማህተም ከቀበሌ፣ ኋላም ከወረዳ ይመጣል። ድሃነቱን ለማስመስከር ሦስት ቀን የሚመላለስ ሕመምተኛ አስቡት! ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማህተሙ ተቆልፎበታል፤ ነገ ና። ማህተሙን አግኝቶ ሲመጣ ደግሞ እኔ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቼ እመረምራለሁ፤ ፎርጅድ እንዳይሆን። ባለ ሱፍ የነፃ ወረቀት ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ባዶ እግሩን የሆነ ደግሞ ከፍሎ ሲወጣ። ድሃው ዘመድ የለውማ!

ወገኖቼ፣ እኔ ሁሉን አጥቁር ሰው አይደለሁም። የተቃዋሚ ጋዜጣ ማንበቤን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን የሆነውን አልሆነም ማለት ነውር ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ጥናት 67 ሆነዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ከ30,000 በላይ ናቸው፤ ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ሽንት ቤቱ የነሱ ድካም ነው። ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ይበል የሚያሰኝ ነው።

ነገር ግን ልጁ በተቅማጥ ሳይሞት አደገና አርባ ዓመት ሲሞላው ስኳር ያዘው፣ ደም ግፊት ያዘው፣ ኩላሊቱ ደከመ። ያኔ ነፃ የሚባል ነገር የለም። ካንሰርን ውሰዱ፤ ከ20 ዓመት በላይ ለመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከሞያሌም ከሁመራም የመጣ ሰው እዚያው ነው የሚሰለፈው። ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ ካንሰር ግን ወረፋ አይጠብቅም።

መንግሥት ራሱ ያስጠናው የጤና ወጪ ሒሳብ የ2009 ዓ.ም.ን ሲያስረዳ ከአገሪቱ የጤና ወጪ 31 ከመቶው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የወጣ ነው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ቁጥር ወደ 15 እና 20 ከመቶ ካልወረደ ሰው በሕክምና ምክንያት ይደኸያል ባይ ነው። ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ወጪ ደግሞ ያኔ የሸፈኑት የውጭ ለጋሾች ነበሩ። በሰው ጃንጥላ ክረምቱን ልንወጣ ነው ማለት ነው! ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም ምን ሆነ? በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እነሱ የሚከታተሏቸው ሕመምተኞች የት እንደወደቁ የነገረን የለም።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር ነው። ባለቤቴን ታውቋታላችሁ። በዚህ እድር ድስት ላይ ስንት ዓመት ቆማለች። በ2011 ዓ.ም. ኩላሊቷ ደከመ ተባለ። በመንግሥት ሆስፒታል የእጥበት ቦታ ስንጠይቅ ሞልቷል፤ ተመዝገቡና አንድ ሰው ሲቀንስ እንጠራችኋለን አሉን። አንድ ሰው ሲቀንስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ሌላ ሰው እስኪሞት ጠብቁ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ግል ሄድን። አንዱ እጥበት 1,600 ብር። የኔ የወር ጡረታ 2,640 ብር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ታዘዘላት። ሠላሳ ዓመት ብር ስቆጥር የኖርኩ ሰውዬ ይቺን ሒሳብ ማስላት አቃተኝ!

ሦስቱን ሁለት አደረግነው። ቀለበቷ ተሸጠ፤ ፍሪጁ ተሸጠ፤ ቤይሩት ያለችው ልጃችን የሦስት ወር ደመወዟን አስቀድማ ተበድራ ላከች። ሁለቱን አንድ አደረግነው። የሠፈር ልጆች ፎቶዋን ባነር ላይ አሳትመው በሚኒባስ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው "ወገን ለወገን" እያሉ እንዲዞሩ ሐሳብ አቀረቡ። እሷ እንቢ አለች። "ከሠፈር ልለምን ወይ? በሕይወቴ ሰው ቤት ጨው አልተበደርኩም" አለች። መስኮቱ ጋ የቆምኩት አሁን በወዲያ በኩል ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ የሚያስመሰግን። አንድ ቀን 400 ብር ጎደለኝ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አባቴ፣ ሕግ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

በሰባተኛው ወር ሞተች።

በነጋታው ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ እንጀራው በመሶብ በመሶብ ገባ። ማንም አልቀረም፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዣችን በፖስታ 8,000 ብር ሰጡኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ማታ ሰው ሲበተን ብቻዬን ቁጭ ብዬ አካፈልኩት። 8,000 ለ1,600 ሲካፈል አምስት ነው። አምስት እጥበት። ይህ ብር እኮ ከመሞቷ በፊትም ባንክ ውስጥ ነበር! የራሷ መዋጮ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት የከፈለችው። አምስት እጥበት ዕድሜዋን በስንት ቀን ይገፋው እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ልጇ ከቤይሩት እስክትደርስ። ልጅቷ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እናቷን አላየቻትም።

ይህን ስል እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ደንባችን ለሞተ ነው እንጂ ለታመመ ክፈሉ አይልም። ደንቡን ሲያረቁ እኔም ነበርኩ፤ ፊርማዬ አለበት።

ያኔ 1,600 የነበረው ዛሬ ስንት እንደገባ የቸገረው ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። የምንውጠው ኪኒን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። መድኃኒት ከሚደጎሙት ዕቃዎች አንዱ ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር። እስቲ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ እዚህ ካለ እጁን ያውጣ... ድጎማው ደረሳችሁ? ከነማ ፋርማሲና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት በር ላይ ያለው ሰልፍ መልሱን ይነግራችኋል። ሆስፒታሉ "እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ይላል። መድኃኒት የሚያቀርብልን መሥሪያ ቤት ፋርሚድ ነበር፤ ኤጀንሲ ሆነ፤ አሁን አገልግሎት ተብሏል። ስሙ ተቀያየረ፤ "የለም" የምትለዋ ቃል ግን አልተቀየረችም።

ሐኪሞቹስ? እመጣበታለሁ ያልኳችሁ ይህን ነው። ግንቦት 11 ቀን 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረን አለ ብለው ከፊል የሥራ ማቆም አድማ ጀመሩ። የታሰሩ ነበሩ። ሕጉ ለናንተ አድማ አይፈቅድም ተባሉ። ይሁን እሺ፤ ምሳ መብላትስ ይፈቅድላቸዋል? ሌሊቱን ሙሉ ሲያዋልድ አድሮ ጠዋት የታክሲ ቆጥሮ የሚሄድ ሐኪም በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ልጅ ዛሬ ውጭ አገር ነው። እኔ አልፈርድበትም። ግን እሱን ለማስተማር ግብር የከፈለችው ጉሊት ሻጭ ስትታመም ማን ያያታል? በጦርነቱ ዓመታት በሰሜኑ ስንት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ እንደተዘረፈና እንደወደመ ስትጨምሩበት ነገሩ ያስለቅሳል፤ ግን እሱን ልተወውና ወደ ሠፈራችን ልመለስ።

መድህን አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ የማኅበራዊ ጤና መድህን። ደመወዝተኛው 3 ከመቶ፣ አሠሪው 3 ከመቶ፣ እንደኔ ያለው ጡረተኛ 1 ከመቶ ሊከፍል። ሠራተኛው "ደመወዜ ራሱ አልበቃኝ" ብሎ አጉረመረመ፤ መንግሥትም "ዘንድሮ"፣ "ለከርሞ" እያለ አራዘመው። ባለቤቴ ስትታመም አዋጁ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ለሷ አልደረሰላትም። ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አለ። በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። መንግሥት ይደጉመዋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ሪፈር ይጻፍልሃል። ሪፈር ሳታጽፍ ሆስፒታል ከሄድክ ከኪስህ መክፈል ይመጣል።

ጉድለቱን አውቃለሁ፤ ከውስጥ ነው የማየው። ደብተሩን ይዘህ ስትሄድ "የመድህን ናችሁ? እዚያ ማዶ ተሰለፉ" ትባላለህ። መድኃኒቱ የለም፤ በራስህ ብር ገዝተህ ደረሰኝ ይዘህ መልሱልኝ ብትል ወራት ትመላለሳለህ። የሚታመም ይመዘገባል፤ ጤነኛ ነኝ ባዩ ይቀራል፤ ቋቱ ይጎድላል። ሆስፒታሉ ደግሞ ላከመበት ቶሎ አልተከፈለኝም እያለ ፊቱን ያጠቁራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ግን ያቺ ጉድለቷ የበዛ ደብተር ያላትን ቤትና የሌላትን ቤት በመስኮቴ በኩል አነጻጽሬ አይቻለሁ። ያላት ሰው ገና ሲያመው ይመጣል። የሌላት ሰው የሚመጣው ተሸክመውት ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ እኔም በጋዜጣም በስብሰባም እጠይቃለሁ። ግን አቶ እገሌ የተኙት ዛሬ ነው፤ ስኳር ያለባት ጎረቤታችን ኢንሱሊኗ ያለቀው ባለፈው ሐሙስ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩትን ሐሳብ በቃል ልድገመው።

ገንዘብ ያዣችን ሪፖርታቸውን ሲያነቡ ሰምታችኋል። 214 አባወራ ነን። 412,000 ብር በባንክ አለ። ሁለት ድንኳን፣ 180 ወንበር፣ አሥራ ሁለት ብረት ድስት። ለሞት ተዘጋጅተናል፣ ጎሽ! እኔ የምለው አንደኛ፣ የመድህን መዋጮ መክፈል ላቃተው አባል እድሩ ይክፈልለት። ስሙን ሦስት ሰው ብቻ ይወቅ፤ እንደ ነፃ ወረቀት አናዙረው። ሁለተኛ፣ አባል የሆነ ሰው ሐኪም ጽፎለት አልጋ ላይ ከዋለ የራሱን የቀብር ብር ግማሽ በሕይወት እያለ ይውሰድ። ልመና አይደለም፤ የራሱ ብር ነው። ከዳነ በትንሽ በትንሹ ይመልሳል። ካልዳነ ቀሪው ግማሽ ለቀብር ይበቃል፤ ሳጥኑ ትንሽ ረከስ ይበል፣ ማን ይታዘበናል? ሦስተኛ፣ ባለ ደብተር ሆኖ "መድኃኒት የለም" ተብሎ የተመለሰ ሁሉ ቀኑንና የመድኃኒቱን ስም ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። በየወሩ ጠቅልለን በእድሩ ማህተም ለወረዳው እናስገባለን። አንድ ሰው ሲያጉረመርም "እሱ ዱሮም ነገረኛ ነው" ይባላል። 214 አባወራ በማህተም ሲጽፍ ቢያንስ ፋይል ይከፈትለታል። ቢሮ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፋይል የተከፈተለት ነገር እንዴት እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ።

ቅድም አባታችን ተነሥተው "እድር ለሞት ነው የተቋቋመው፤ የአባቶቻችንን ደንብ አታፍርሱ" ብለዋል። አክብሬ ነው የምመልሰው። አባባ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሁለት ሦስት ሰው ከባድ በሽታ ቢይዘው ቋቱ ይራቆታል፤ ከዚያ ድንገት ሰው ሲሞት በምን እንቀብራለን ነው የሚሉት። ለዚህ ነው ግማሽ ብቻ ያልኩት፤ ለዚህ ነው በዓመት ከባንኩ ብር ከሩብ በላይ ለዚህ አይወጣም የሚል ገደብ ያስገባሁበት። ገደቡ ይጥበብ የሚል ካለ እቀበላለሁ። ይቅር የሚለውን ግን አልቀበልም።

አሥር ደቂቃዬ ካለቀ ቆይቷል፤ ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ረቂቁ በሦስት ቅጂ ጸሐፊው ጋ አለ። ማንበብ የማይችል ካለ ልጆቹ ያነቡለታል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ እዚሁ ከፊት ወንበር ላይ ነኝ።